ሞዴሏን ለቀቅ፣ ፕሮዲዩሰሩን ጠበቅ

ድራማዎቻችንን የገደሏቸው ከፋሽን መድረክ የመጡ ቆነጃጅት ናቸው አሉን ሰሞኑን አንድ የድራማ ፕሮዲዩሰር። ቲያትር ቤት ያልሠራች ካሜራ ፊት አትቁም ብለዋል። ማስረጃቸው አንዲት ናት፦ የሞዴል ፊት አይንቀሳቀስም።

እንዳይንቀሳቀስ እኮ ነው ሲከፈላት የኖረው! ካትዎክ ላይ ዓይን ከተመልካቹ ራስ በላይ ይተከላል፣ ከንፈር ይገጥማል፤ ገዢው ልብሱን እንጂ ልጅቷን እንዳያይ። ደግሞስ ክሎዝ አፕ ላይ፣ ካሜራው ፊትን ከቅርብ ሲያሳይ፣ ረጋ ያለ ፊት ከመቼ ወዲህ ነው ነውር የሆነው? ከመጨረሻው ወንበር እንዲታይ ቅንድቡንና ክንዱን ማወናጨፍ የለመደው የመድረክ ሰው ነው እዚያ የሚረብሸው። እሱን ግን ማንም አትቁም አላለውም።

ደቡብ ኮሪያዊቷን ጆንግ ሆ-ዮንን ይመልከቱልኝ። በ16 ዓመቷ ሞዴልነት ጀመረች፤ እ.ኤ.አ. በ2013 በአገሯ የሞዴሎች ውድድር ሁለተኛ ወጣች፤ ከዚያ ኒውዮርክና ፓሪስ። ለ«ስኩዊድ ጌም»፣ ለኮሪያው ተከታታይ ድራማ፣ የኦዲሽን ቪዲዮ ስትልክ የትወና ልምድ አልነበራትም። ዳይሬክተሩ ህዋንግ ዶንግ-ህዩክ በአካል ልያት ሲል ወደ ሴኡል ተመለሰች። ሚናውን ካገኘች በኋላ ግን በቁንጅናዋ አልተኛችም፤ የሰሜን ኮሪያን ዘዬ አጠናች፣ እንደ ገጸ ባህሪዋ ከሰሜን ኮሪያ ስለኮበለሉ ሰዎች የተሠሩ ዘጋቢ ፊልሞችን አየች፣ በገጸ ባህሪዋ አንደበት የዕለት ማስታወሻ ጻፈች። ፍሬውን ማየት ቀላል ነው፦ ገጸ ባህሪዋ ከሌላው ጋር በሴኡል አነጋገር ታወራለች፤ ታናሽ ወንድሟ ጋ ስትደርስ የትውልድ ዘዬዋ ይመለሳል። ፊቷ? ያው የማይንቀሳቀሰው ፊት ነው። በየካቲት 2022 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ስክሪን ተዋናዮች ማኅበር በድራማ ምርጥ ተዋናይት ብሎ ሸለማት። አዲስ አበባ የተወለደችው ሞዴል ሊያ ከበደም ብትሆን እ.ኤ.አ. በ2009 የሶማሊያዊቷን ሞዴል የዋሪስ ዲሪን ታሪክ በመሪነት ከመሥራቷ በፊት በ2005 እና በ2006 ትንንሽ ሚናዎችን ሠርታ ነው የመጣችው።

እኛ ጋ ልጅቷ በፎቶ ትመረጣለች። ስክሪፕቱ በቀረጻው ዋዜማ በቴሌግራም ይደርሳታል፤ ያውም የራሷ ሲኖች ብቻ ተቆርጠው። ሎኬሽኑ ለአንድ ቀን ስለተከራየ እዚያ ቤት የሚሆነው ሁሉ በዚያው ቀን ያልቃል፤ ጠዋት የምታለቅስለትን ባል ከሰዓት ታገባዋለች።

ትልቁ ጣጣ ግን ድምፅ ነው፤ ስለ እሱ ማንም አያወራም። ሞዴል ሆዷን ወደ ውስጥ ስባ፣ አገጯን ቀና አድርጋ መሄድ ለምዳለች። እንዲህ የቆመ ሰው የሚተነፍሰው በደረቱ ጫፍ ነው፤ ዓረፍተ ነገሩ ሳያልቅ ትንፋሹ ያልቃል። አማርኛ ደግሞ ግሡን መጨረሻ ላይ ነው የሚያስቀምጠው። «እኔ ካንተ ጋር ከዚህ ቤት...» ብላ «አልወጣም» ትበል «እወጣለሁ» ትበል ማይኩ ካልሰማ፣ ኤዲተሩ ምን ያድርግ? ሙዚቃ ይጭንበታል። ተመልካቹም ልጅቷ ትወና አትችልም ይላል። መድኃኒቱ በጀርባ ተኝቶ ሆድ ላይ መጽሐፍ አስቀምጦ፣ መጽሐፉ ከፍ ዝቅ እስኪል እየተነፈሱ ረጅም ዓረፍተ ነገርን እስከ ግሡ በአንድ ትንፋሽ ማንበብ ነው። በቀን 15 ደቂቃ፣ ለሁለት ሳምንት። ለዚህ ካሜራ አይከራዩም፣ ጀነሬተር አይነሳም።

የቀረውን ትችለዋለች። ወለሉ ላይ ከተደረገላት የመቆሚያ ምልክት ወደ ኋላ እየቆጠረች እስከ በሩ ከሄደች፣ ሲቀረጽ ያንኑ እርምጃ ቆጥራ ወለሉን ሳታይ ምልክቱ ላይ ትቆማለች፤ ፎከስ አይጠፋም። መብራቱ ከየት እንደሚመጣ ለማወቅም አትጠይቅም። ከቲያትር የመጣውም ቢሆን ይህን ለካሜራ መልመድ አለበት።

እርግጥ ሁሉም ሞዴል ተዋናይት አይወጣትም። ግን ልምምድ ነፍገው ሲያበቁ ተለማማጇን መውቀስ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው፤ አህያው ደግሞ እዚህ ላይ የምርት በጀቱን የያዘው ሰው ነው። እኚህ ፕሮዲዩሰር በሚቀጥለው ጊዜ ማይክ ሲይዙ፣ የመጨረሻው ድራማቸው ስክሪፕት ከቀረጻው ስንት ቀን ቀድሞ ለተዋንያኑ እንደደረሰ ቢነግሩን ደስ ይለናል።