የቶምቦላው ሒሳብ ለሕዝብ ይነበብ

በብሪታንያ የሚገኙ ማኅበሮቻችን፣ ዕድሮቻችንና አብያተ ክርስቲያኖቻችን ገንዘብ ሲያሰባስቡ ቶምቦላ አይቀርም። ለሕንፃ መግዣ፣ ለተፈናቃዮች እርዳታ፣ ለአስከሬን መሸኛ እየተባለ ትኬት ይሸጣል። ሽልማቱ የአዲስ አበባ ደርሶ መልስ የአውሮፕላን ትኬት ወይም ወርቅ ነው። አብዛኛው ሰው የሚገዛው ዕጣው ይደርሰኛል ብሎ ሳይሆን ለዓላማው ሲል ነው። ይህን ቅንነት የሚጠብቅ ሕግ እያለ ብዙ ኮሚቴዎች ችላ ማለታቸው ያሳዝነኛል።

እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው የቁማር ሕግ በእንግሊዝ፣ በዌልስና በስኮትላንድ ይሠራል። በሕጉ ቶምቦላ ሎተሪ ነው፤ ሎተሪ ደግሞ ለግለሰብ ትርፍ አይካሄድም። አንድ ሰው መኪናውን ለዕጣ አቅርቦ «ከገቢው ጥቂት ለበጎ አድራጎት እሰጣለሁ» ቢል ሕጋዊ አይሆንም።

በበዓል ዝግጅት ላይ፣ እዚያው ለታደመው ሰው ብቻ የሚሸጥ ቶምቦላ ግን ፈቃድም ምዝገባም አይጠይቅም። ከሽያጩ ለሽልማት መግዣ ከ500፣ ለሌላ ወጪ ከ100 ፓውንድ በላይ አለመቀነስ፣ የቀረውንም ለተባለው ዓላማ ማዋል ነው። ጣጣው የሚመጣው ትኬቱ ከአዳራሹ ወጥቶ በዋትስአፕና በቴሌግራም ለሌላ ከተማ ሰው መሸጥ ሲጀምር ነው። ያን ጊዜ ማኅበሩ ዋና ጽሕፈት ቤቱ በሚገኝበት አካባቢ ካውንስል (የአካባቢው አስተዳደር) መመዝገብ አለበት። የምዝገባው ክፍያ 40 ፓውንድ፣ የየዓመቱ ማደሻ 20 ፓውንድ ነው። ለአንድ ዕጣ የሚሸጠው ትኬት ገቢ ከ20,000 ፓውንድ ወይም የዓመቱ ድምር ከ250,000 ፓውንድ ካለፈ ደግሞ ጉዳዩ ወደ ቁማር ኮሚሽን ይሄዳል።

በተመዘገበ ሎተሪ ትኬት ላይ የማኅበሩ ስም፣ ዋጋው፣ የኃላፊው ስምና አድራሻ፣ ዕጣው የሚወጣበት ቀን መስፈር አለበት። ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሸጥም። የሁሉም ትኬት ዋጋ እኩል መሆን ስላለበት «አምስት ለገዛ አንድ በነፃ» የሚለው የተለመደ ማባበያ በተመዘገበ ሎተሪ ክልክል ነው። ይህን የሚያውቅ ትኬት ሻጭ እምብዛም አላጋጠመኝም።

ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ግን ከዕጣው በኋላ የሚቀርበው ሒሳብ ነው። የተመዘገበ ማኅበር ዕጣው በወጣ በሦስት ወር ውስጥ ስንት እንደተሸጠ፣ ለሽልማትና ለወጪ ስንት እንደተቀነሰ፣ ለዓላማው ስንት እንደዋለ ጽፎ፣ በሁለት አባላት አስፈርሞ ለካውንስሉ ያስገባል። ሰነዱን ማንም ሰው ሄዶ ማየት ይችላል። እኛ ዘንድ ስንት ማኅበር ለሁለት የተከፈለው «ገንዘቡ የት ገባ?» በሚል ጥያቄ ነው! ብዙ ጊዜ የጠፋ ገንዘብ እንኳ የለም፤ የጠፋው ወረቀቱ ነው። ደፋ ቀና ሲል የከረመ ገንዘብ ያዥ በሐሜት ተማርሮ ይለቃል፤ እሱን የሚተካ ፈቃደኛም አይገኝም።

«እኛ የምናደርገው መረዳዳት እንጂ ቁማር አይደለም፣ ካውንስል ምን አገባው?» የሚሉ ሰዎች አሉ። ስሜቱ ይገባኛል። ነገር ግን መመዝገብ ሲገባው ያልተመዘገበ ሎተሪ ማካሄድ ወንጀል ነው፤ የሚጠየቁትም በነፃ የሚያገለግሉት የኮሚቴ አባላት ናቸው። በ40 ፓውንድ ሊቀር በሚችል ነገር እነሱን ለዚህ ማጋለጥ ተገቢ አይደለም።

ሕጉ ራሱ ጉድለት የለውም አልልም። በተመዘገበ ሎተሪ ከሽያጩ ቢያንስ 20 በመቶው ለዓላማው ይዋል ይላል። በሌላ አነጋገር እስከ 80 በመቶው ለሽልማትና ለወጪ ቢሄድ አይከለክልም። ለተፈናቀለ ቤተሰብ ብሎ አሥር ፓውንድ የሰጠ ሰው ሁለቱ ብቻ እንደደረሰ ቢሰማ ምን ይላል? ስለዚህ ማኅበሮቻችን ከሕጉ ከፍ ያለ የራሳቸውን ወለል ቢያወጡና ትኬቱ ላይ ቢያትሙት እላለሁ። ሽልማቱን ነጋዴ ወገኖች በስጦታ ከሰጡ ከገቢው ግማሽ በላይ ለዓላማው ማዋል አይከብድም።

ለእንቁጣጣሽ ትኬት የሚያሳትሙ ኮሚቴዎች ከማተሚያ ቤቱ በፊት ካውንስል ይሂዱ። አባላትም በጠቅላላ ጉባኤ የምዝገባ ቁጥሩንና ያለፈውን ዕጣ ሒሳብ ይጠይቁ፤ ለካውንስሉ የገባው ወረቀትም እዚያው በአማርኛ ይነበብላቸው።