ዛሬስ ለምን ቀረህ?

አሜሪካ፣ ኮሎራዶ፣ ዴንቨር ያለው የተራራ ሳይክል ቡድናችን ከሚነዳበት ቅዳሜ የማይነዳበት ይበልጣል። ሐሙስ ማታ ቀጠሮ ይያዛል። ዓርብ ሁሉም «አለሁ!» ይላል። ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ስልኩ መንጫጫት ይጀምራል። አንዱን ጉልበቱን አሞታል። አንዱ ልጁን ኳስ ጨዋታ ሊያደርስ ነው። አንዱ የሌሊት ፈረቃ ገብቶ አድሯል። ሌላው ደግሞ «ሶሪ ጋይስ» ብቻ ብሎ ይጠፋል። ሶሪ ጋይስ ምን ዓይነት በሽታ እንደሆነ እስካሁን የነገረኝ ሐኪም የለም።

ጎንደር ደግሞ የእህቴ ልጅ አለ። ለሳይክል ሟች ነው። ከፒያሳ ተነስቶ የጎሃን አቀበት አንዴም ሳይወርድ ይወጣዋል። እሱም እንደኛው ከሚነዳው የሚቀረው ይበዛል። የሚቀርበት ምክንያት ግን ከኛ ጋር ዝምድና የለውም። እኛ የምንቀረው በራሳችን ነው፤ እሱ የሚቀረው በሰው ነው። አገር ቤት በሄድኩ ቁጥር ሁለቱን ሳስተያይ ከርሜ ይኸው ጻፍኩት።

አንድ ነገር አስቀድሜ ላጥራ። «ከፍታው ከበደኝ» የሚለውን ምክንያት አልቀበልም። ዴንቨር 1,609 ሜትር ላይ ናት። ከባሕር ጠለል ልክ አንድ ማይል ከፍ ብላለች እየተባለ ይፎከርባታል። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ሆና በከፍታዋ የሚፎክር የለም። ጎንደሬ መፎከር ሲያምረው ፋሲል ግቢ አለለት።

ኮሎራዶ ውስጥ ሰው ሳይክል ለመንዳት መጀመሪያ መኪና ይነዳል። ሳይክሉን ከመኪናው ኋላ አስሮ፣ አይ-ሰባ በሚባለው አውራ ጎዳና ወደ ተራራው ይወጣል። ቅዳሜ ጠዋት ያ መንገድ መኪና በመኪና ነው። ስለዚህ «ትራፊኩን ሳየው ተመለስኩ» የሚባል ምክንያት አለ። ይህን ለእህቴ ልጅ ስነግረው አላመነኝም። «ጋሼ፣ መኪና ካላቸው ሳይክል ምን ያደርግላቸዋል?» አለኝ። መልስ የለኝም።

ቀን ቆጥረህ የምትነዳበት ቦታም አለ። ሴንቴኒያል ኮን የሚባለው ፓርክ ቅዳሜና እሑድ ለሳይክልና ለእግረኛ በተራ ነው የተሰጠው። ቀኑ ጥንድ ቁጥር ከሆነ ለሳይክል፣ ጎዶሎ ከሆነ ለእግረኛ። እኔ በበኩሌ ደንቡን እወደዋለሁ። «ዛሬ 15 ነው» ብሎ መቅረት የመሰለ ንጹሕ ምክንያት የት ይገኛል? ማንም አይቀየምህም።

የኛ የሐበሾቹ ምክንያት ደግሞ ሌላ ነው። ሁለት ሥራ ያለው ሰው ትከሻውን መስበር አይችልም። ነጮቹ ጓደኞቻችን ድንጋይ ላይ ሲዘሉ እኛ በልባችን ሒሳብ እንሠራለን። አምቡላንሱ ስንት ነው? ኢንሹራንሱ ከስንት ብር በኋላ ነው መክፈል የሚጀምረው? ሰኞ ማን ይሠራልኛል? ብሩ ዶላር መሆኑን ልብ በሉልኝ፤ አፋችን ለምዶብን ነው። ይህን ሒሳብ ግን ቡድኑ ላይ ማንም አይጽፈውም። የሚጻፈው «ጉልበቴን ትንሽ ይሰማኛል» ነው።

ሰማዩ ሁለቱን አገር ያመሳስላቸዋል። ኮሎራዶ በበጋቸው፣ ጎንደር በክረምቷ፣ ጠዋት ፀሐይ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ። ኮሎራዶ ላይ ከቀትር በፊት ከጫፉ መውረድ ግድ ነው፣ መብረቅ አይቀለድበትም። ልዩነቱ ትንበያውን የሚናገረው ላይ ነው። እዚያ ስልኩ «40 በመቶ» ሲል ግማሹ ሰው ይቀራል፣ ግማሹ ይከራከራል። ጎንደር እህቴ በረንዳ ላይ ቆማ ወደ አዘዞ በኩል አንዴ ታያለች። «ጠቁሯል፣ የትም አትሄድም» ትላለች። አለቀ። በመቶ ስንት ነው ብሎ የሚጠይቃት የለም።

ጭቃውም ሌላ ነው። ኮሎራዶ በረዶው ሲቀልጥ ጭቃ ላይ መንዳት ነውር ነው። ጎማው የተወው ቦይ ሲደርቅ እንዳለ ይቀራል፣ በሚቀጥለው ዝናብ ውኃ እሱን ተከትሎ መንገዱን ይቦረቡረዋል። ስለዚህ ጎማህ ምልክት ከተወ ተመለስ ይባላል። ለመንገዱ ተብሎ መቅረት ማለት ነው። ደስ ይላል። ጎንደር ግን የእግር መንገዱን ሰውና አህያ ሲመላለስበት ኖሯል፣ ማንም ዝግ ነው ብሎ ምልክት አይሰቅልበትም። የከተማው ዳርቻ ዋልካ ግን ራሱ ይዘጋል። ጎማውና ጎማውን የያዘው ሹካ መሀል እየገባ ይጠቀጠቃል፣ ቸርኬው መዞር ያቆማል፣ ከዚያ ሳይክሉ አንተን መሸከሙ ቀርቶ አንተ ትሸከመዋለህ። ቤት ስትደርስ ደግሞ ዋናው ጥያቄ ይጠብቅሃል፦ «በምን ውኃ ልታጥበው ነው?» ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ ለልብስና ለወጥ የተጠራቀመ በርሜል አጠገብ ጭቃ የጠጣ ሳይክል ይዞ መቆም ድፍረት ይጠይቃል። ልጁ በክረምት ከሚቀርባቸው ቀኖች አብዛኛው የበርሜሉ ነው።

ዕቃው ላይ ስንመጣ አሜሪካ ጉድ አለ። የዘመኑ የተራራ ሳይክል ጎማ ብዙውን ጊዜ ካላማዳሪያ የለውም። በእሱ ፈንታ ነጭ ፈሳሽ ይገባበታል። እሾህ ሲወጋው ፈሳሹ ቀዳዳውን ይደፍናል። ግሩም ፈጠራ ነው። ግን በጥቂት ወራት ይደርቃል፣ የኮሎራዶ አየር ደግሞ ደረቅ ነው። ጠዋት ጋራዥ ሲከፈት ጎማው መሬት ላይ ተኝቷል። ማርሹ በባትሪ የሚቀየር አለ። መቀመጫው በባትሪ ከፍ ዝቅ የሚል አለ። «ቻርጅ ማድረግ ረስቼ» ብሎ የቀረ ጓደኛም አለን። መብራት ጠፍቶ እንጀራ ያልተጋገረበት ቤት ጎንደር ሞልቷል። ቻርጅ አጥቶ ከጋራዥ ያልወጣ ሳይክል ያየሁት ግን አሜሪካ ነው።

ደግሞኮ የተራራ ሳይክል ሲጀመር እንዲህ አልነበረም። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ካሊፎርኒያ፣ ማሪን ካውንቲ ውስጥ፣ ታማልፓይስ ተራራ አካባቢ ያሉ ወጣቶች አሮጌ ከባድ ሳይክል እየያዙ ቁልቁል ይለቁት ነበር። ቁልቁለቱ የኋላውን ፍሬን አግሎ ግሪሱን ያጨሰዋል። እታች ሲደርሱ ፈትተው እንደገና ግሪስ ይሞላሉ። በ1976 ውድድር አደረጉት፤ ሃያ ዓመት ቆይቶ በ1996 አትላንታ ላይ ኦሊምፒክ ገባ። እኛ ጎንደር ልጆች ሳለን ፍሬን የሌለውን ሳይክል በጫማችን ነበር የምናቆመው። እግርን ወደ ኋላ ሰዶ ጎማው ላይ መጫን ነው። ማታ እናቶቻችን የጫማውን ሶል ገልብጠው አይተው የት እንደዋልን ያውቁ ነበር። ኦሊምፒክ ግን አልገባንም።

የእህቴ ልጅ ዛሬም በካላማዳሪያ ነው የሚሄደው። ጠጋኙ በረንዳ ላይ ይቀመጣል። ካላማዳሪያውን ነፍቶ ውኃ በሞላ ሳፋ ውስጥ በዝግታ ያዞረዋል። አረፋ ቡልቅ ሲል በእስክሪብቶ ይከብበዋል። በሞረድ ይፍቀዋል፣ ማስቲሽ ይቀባል፣ እፍ እፍ ይልበታል፣ ከአሮጌ ካላማዳሪያ የተቆረጠች ቁራጭ ለጥፎ በመዶሻ ቀስ እያለ ይወቅጣታል። ሥራው የሻይ ጊዜ አይፈጅም። የሚፈጀው ጠጋኙን ማግኘት ነው። ዛሬ ሚካኤል ነው፣ ማኅበር ሄዷል። ነገ የወንድሙ ልጅ ክርስትና አለ። ከነገ ወዲያ ይመጣል፣ ካልዘነበ። ሌላ ጠጋኝ ጋ ሂድ ብትሉት ልጁ እሺ አይልም። «ይቀየመኛል» ነው መልሱ።

ጎማው ደህና ሲሆን ደግሞ ሳይክሉ የለም።

«የት ሄደ?»

«ልጁ ወስዶታል።»

«የቱ ልጅ?»

«የነዚያ… የታችኞቹ ቤት ልጅ። ወፍጮ ቤት ደርሶ ይመጣል።»

ዴንቨር ሳይክሌን አውሰኝ ያለኝ ሰው የለም። ንፋስ የሚሞላው የፊት ሹካዬ በኔ ክብደት ተለክቶ ነው የተነፋው፣ መቀመጫው በኔ ቁመት ነው የተስተካከለው፣ ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው። የጎንደሩ ሳይክል ግን የሰፈሩ ነው። ልጁ ገዛው፣ ሰፈሩ ይነዳዋል። እኔ ብሆን ያናድደኝ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር እሱም ይናደዳል። ግን አልሰጥም የሚልበት አፍ የለውም፤ የታችኞቹ ቤት ሰዎች እናቱ ሆስፒታል በተኛች ጊዜ ስንቅ ሲያመላልሱ የከረሙ ናቸው።

ባለፈው ጥር፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ አንድ ጠዋት አብረን ልንወጣ ተነሳን። ሔልሜት አድርጓል። ከግቢ ወጥተን ገና መታጠፊያው ላይ ሳንደርስ ድንኳን ተተክሎ አየን። ሌሊት ሰው አርፏል። ሩቅ ሳለ ከሳይክሉ ወረደ፣ ሔልሜቱን አወለቀ፣ እየገፋ ሄደ። እኔም ተከተልኩት። አንድ የዕድር ሽማግሌ አዩትና «አንተ ልጅ፣ ያችን ነገር ይዘህ ና» አሉት። ከዚያ ማራኪ ሰፈር ላለች የሟች የእህት ልጅ መርዶ ለሚነግሩት ሰዎች መልእክት አድርስ ተባለ። ተመልሶ ዕድር ቤት፣ ለቁልፍ። ከዚያ አዘዞ። ከአዘዞ መልሱ አቀበት ነው፣ ያውም በቀትር። ወደ ማታ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ንፍሮ በእጁ ይዞ ተቀምጦ አገኘሁት፣ ላቡ ግንባሩ ላይ ደርቋል። «ዛሬም ሳንነዳ ቀረን፣ ጋሼ» አለኝ።

ሲነዳ ነው የዋለው እኮ!

ሰላምታውንም አትርሱ። ሳይክል ላይ ሆኖ ለትልቅ ሰው እጅ ማወዛወዝ አይሆንም፤ ወርደህ፣ ዝቅ ብለህ፣ የቤተሰቡን ደኅንነት አንድ በአንድ ጠይቀህ ነው። ቅዳሜ ደግሞ ገበያ ነው። ገጠሬው ከነአህያው፣ ከነዶሮው፣ ከነማገዶው ወደ ከተማ ይገባል። በዚያ መሀል አንተ ቁልቁል ልትለቀው? እኔን ደግሞ የሚያውቁኝ እናቶች አቁመው ከላይ እስከ ታች ያዩኛል። «ይኸን ያህል ዘመን ውጭ አገር ኖሮ በሳይክል መጣ?» ይላሉ፣ ለኔ ሳይሆን እርስ በርሳቸው። ሳይክሉ ኮሎራዶ ውስጥ የአሮጌ መኪና ዋጋ እንደሚያወጣ ብነግራቸው ደግሞ ይብስብኛል።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ያስቀኛል። ይኼኛው ግን አያስቀኝም። ልጁ እህት አለችው። ከእሱ የተሻለች ነጂ ነበረች። ደረቷ ማጎጥጎጥ ሲጀምር «አሁንማ ትልቅ ሰው ሆነሻል» ተባለች፣ በዚያው ቀረች። እሱ ሲቀር ምክንያት ይሰጣል፤ ለእሷ ግን ምክንያት ተሰጣት። የዴንቨሩን ቡድን ከፊት የምትመራው ሴት ናት፣ ስልሳ ያለፋት፣ አቀበት ላይ እኔን ጥላኝ ትሄዳለች። ይህን ለእህቴ ነገርኳት። «እዚያ ሌላ ነው» አለችኝ። ሌላ እንዳልሆነ ተከራከርኩ። አልሰማችኝም፤ ልጅቷ ግን ከጓዳ እየሰማች ነበር።

ምክንያት የማይጠየቅበት ጊዜም አለ። እ.ኤ.አ. በ2020 ነሐሴ ላይ ኮሎራዶ ውስጥ የተነሳው የካሜሮን ፒክ እሳት ከ84 ሺህ ሄክታር በላይ በልቷል፤ በዚያ ግዛት ታሪክ ትልቁ ነው። ጭሱ በበዛበት ሰሞን ቡድኑ ላይ ማንም ለምን ቀረህ አላለም። ጎንደር ደግሞ በአማራ ክልል ውጊያው ከተነሳ፣ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ፣ ከከተማ መውጣት መንገዱ ሰላም መሆኑን ጠይቆ ሆኗል። ወለቃን አልፎ ወደ ኮሶዬ የሚወስደው የሰሜኑ መንገድ ለተራራ ሳይክል የተፈጠረ ነው የሚመስለው፤ ገደሉ፣ ንፋሱ፣ ከሥር ተዘርግቶ የሚታየው ቆላ። ወደ 100 ኪሎ ሜትር ከሄድክ ደባርቅ ነው፣ የሰሜን ተራሮች በር። ልጁ ያን መንገድ በስልኩ ካርታ ላይ በጣቱ ይከተለዋል። «ሰላም ሲሆን» ይላል፣ ሌላ አይጨምርም። እኔም አልጠይቀውም።

አሁን ሻንጣ ለምታስሩ የጎንደር ልጆች አንድ ነገር ልንገራችሁ። የጎረቤታችን ወንድም ከአውሮፓ የላከው የሚያብረቀርቅ ባለ 29 ኢንች ጎማ ሳይክል ከመጣ ጀምሮ ቆሟል። ምንም አልተሰበረም። የጎማው የንፋስ መግቢያ ቀጭኑ፣ ስድስት ሚሊ ሜትሩ ዓይነት ስለሆነ የሰፈሩ ጎሚስታ መንፊያ አይገጥምለትም፣ ነገሩ ይኸው ነው። ቀጭኑን ወደ ወፍራሙ የምታጋባ የናስ ቁራጭ አለች፣ ከጣት ጥፍር አትበልጥም፣ አሜሪካ ውስጥ በአንድ ሁለት ዶላር ትገኛለች። እሷን ይዛችሁ ሂዱ። ለባለ 26ቱ ደግሞ ባለ ወፍራም አፍ ካላማዳሪያና የፍሬን ጎማ። ሻንጣው ከ23 ኪሎ ካለፈ ቸኮሌቱን ቀንሱ።