የአውስትራሊያ ነዳጅ ኮሚቴ፣ አዳማ ቅርንጫፍ

አዳማ ላይ ስለ ነዳጅ ለመናገር መኪና መኖር ግዴታ አይደለም። ፍራንኮ አካባቢ በምንሰበሰብባት ቡና ቤት ስለ ቤንዚን አብዝተው የሚናገሩት እንዲያውም መኪና የሌላቸው ናቸው፤ ባለ መኪናዎቹ ሰልፍ ላይ ስለሆኑ አይገኙም።

ስለዚህ የቡና ቤቷ ባለቤት የእትዬ ልጅ ከአውስትራሊያ ደውሎ «ለጓደኛዬ ሠርግ ከፐርዝ እስከ አዴሌድ በመኪና ልሄድ ነው» ሲል ጉዳዩ የቤተሰብ ሆኖ አልቀረም። መንገዱ 2,700 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ ውስጥ ኖርስማን ከምትባል ከተማ እስከ ሴዱና ያለው 1,200 ኪሎ ሜትር ያህሉ ነላርቦር የሚባለውን ሜዳ አቋርጦ፣ አለፍ አለፍ እያለም የደቡቡን ባሕር ገደል እየታከከ ያልፋል፤ በመካከሉ ከተማ የሚባል ነገር የለም። እትዬ ከዚህ ሁሉ የሰሙት ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ሠርግ እና ምድረ በዳ። ስልኩን በድምፅ ማጉያ አድርገው ጠረጴዛችን ላይ አስቀመጡት። ኮሚቴው በዚያው ተቋቋመ።

ሰብሳቢነቱ ያለ ምርጫ ለጋሼ ደረሰ። ጋሼ ጡረታ የወጡ የቦቴ ሾፌር ናቸው፤ በ1990 ዓ.ም. ድንበሩ እስኪዘጋ ድረስ አሰብ ሲመላለሱ ኖረዋል። ከመካከላችን ባሕር ያዩት እርሳቸው ብቻ ስለሆኑ ባሕር ዳር ያለ መንገድ ሁሉ፣ የትም አገር ይሁን የት፣ ይመለከታቸዋል።

የሒሳብ መምህሩ ወረቀት አወጣ። የልጁ መኪና 50 ሊትር ይይዛል፤ በሊትር 10 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ቢባል አንድ ጊዜ ከሞላ 500 ኪሎ ሜትር ነው። በነላርቦር መንገድ ላይ በሁለት ማደያዎች መካከል ያለው ረጅሙ ርቀት ደግሞ፣ ከኖርስማን እስከ ባላዶኒያ፣ 190 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ ካይጉና፣ ኮክልቢዲ፣ ማዱራ፣ ዩክላ እያለ ይቀጥላል፤ ማደያው፣ ምግቡና መኝታው አንድ ግቢ ውስጥ ነው። መምህሩ እስክሪብቶውን አስቀመጠና «ችግር የለም» አለ። ጠረጴዛው ላይ ቅሬታ ሰፈነ። ችግር የሌለበት ጉዞ ለኮሚቴ አይመችም፤ ቡናውም ገና አቦል ላይ ነበር።

ነገሩን ያዳኑት ጋሼ ናቸው። ወደ ስልኩ ጎንበስ ብለው «ማደያ መኖሩን አልጠየቅንህም የኔ ልጅ» አሉ። «ባላዶኒያ ላይ ሰው አለህ?»

«ጋሼ፣ ሰው ማለት?»

«የምታውቀው ነዋ! ቀጂው፣ ተቆጣጣሪው፣ ዘበኛውም ቢሆን። ሲገባ የሚደውልልህ።»

«ኧረ ሁልጊዜ አለ።»

«ምኑ?»

«ቤንዚኑ።»

ተያየን። ልጁ የሚደብቀን ነገር እንዳለ ሁላችንም ገባን።

አይፈረድብንም። እኛ የምንኖረው በነዳጁ መንገድ ላይ ነው፤ ከጅቡቲ የሚመጣው ቦቴ አዋሽንና መተሐራን ጨርሶ ቀን ከሌሊት በአጠገባችን ያልፋል። ስናየው እጃችንን አናውለበልብም እንጂ ሁሉንም በታርጋ እናውቃቸዋለን። ሰልፍ የምንሰለፈው እያየነው ላለፈው ቤንዚን ነው። ከየትኛውም ከተማ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቆ በሜዳ ላይ ብቻውን የቆመ ማደያ፣ ዋጋው ከከተማ ቢወደድም ቤንዚን አለው ሲባል እንዴት ብለን እንመን? አንዱማ «ታዲያ ማን አስገብቶለት ነው?» ብሎ ጠየቀ፤ ጥያቄው እስከ ዛሬ መልስ አላገኘም።

ልጁ «ጠቋሚው ግማሽ ላይ ከደረሰ ያገኘሁትን ማደያ አላልፍም» ሲል ደግሞ ታክሲ ነጂው በግልጽ ተከፋ። ግማሽ ነዳጅ አዳማ ላይ ሀብት ነው። የእኛ ሹፌር ጠቋሚውን ማየት የሚጀምረው ቀይ ሲያበራ ነው፤ ያኔም እንደ ማስጠንቀቂያ ሳይሆን እንደ ጨዋታ መክፈቻ ነው የሚወስደው። ቀይ ካበራ በኋላ ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል? በዚህ ጉዳይ ክብረ ወሰን የሌለው ወንድ በከተማችን የለም። አንዱ በቀይ ከወለንጪቲ ገብቷል። ታክሲ ነጂው ከመተሐራ ገብቷል፤ ያውም ሞተሩን አጥፍቶ፣ ማርሹን አውጥቶ፣ በቁልቁለት። መምህሩ በትሕትና ከመተሐራ ወደ አዳማ መንገዱ ዳገት መሆኑን አስታወሰው።

«ያኔ ቁልቁለት ነበር» አለ።

ልጁ ትርፍ ጀሪካን እንደሚይዝ ሲናገር ነገሩ ወደ ሕግ ዞረ። እትዬ ደነገጡ። «በጀሪካን? ደብዳቤ ሳትይዝ?» ደብዳቤ የሚጽፍለት ቀበሌ በዚያ ምድረ በዳ ማን እንደሚሆን ለመወሰን ቶና ተፈላ።

ስለ ነፋሱ ብዙ አልተወያየንም። ልጁ በዚያ ሜዳ ነፋስ ከፊት ሲመጣ መኪናው ቤንዚን እንደሚፈጅ፣ ስሌቱም እንደሚናጋ አስረዳን። ነፋስን ለአዳማ ሰው! ከተማችን 51 እና 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ ሁለት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች የተተከሉባት ናት፤ አቧራው ዐይናችንን ሲያጠፋን «ልማት ነው» ብለን የምናልፍ ሰዎች ነን። ባላዶኒያንና ካይጉናን የሚያገናኘው መንገድ 146.6 ኪሎ ሜትር ያለ አንዲት መታጠፊያ ቀጥ ብሎ ይሄዳል መባሉ ግን እትዬን አሳሰባቸው። ከአዳማ አሰላ ደርሶ መልስ ያህል ነው። «ታዲያ መሪውን ምን ይሠራበታል?» አሉ።

ዋናው ጭንቀት ሰዓት ሆነ። ማታ የሚዘጉ ማደያዎች ስላሉ የት፣ በስንት ሰዓት እንደሚደርስ ማወቅ አለበት፤ ዩክላ አካባቢ ደግሞ ሰው የሚጠቀምበት የራሱ ሰዓት አለ፤ ከግሪንዊች በ8 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይቀድማል። መምህሩ ደመረ፣ ቀነሰ፣ ሰረዘ፣ እንደገና ጻፈ። ከዚያም ወረቀቱን እያየ ዝም አለ። ዩክላ ላይ ሰዓቱ እኩለ ቀን 12:00 ሲል አዳማ ከጠዋቱ 12:15 ነው።

ጋሼ አልገረማቸውም። «የእኛን ሰዓት ነው የያዙት፤ 15 ደቂቃ ወደ ኋላ ቀርተው ነው እንጂ» አሉ። ከዚያ በኋላ ዩክላን የባዕድ አገር አድርጎ የሚያይ አልነበረም።

ስብሰባውን የበተነው ግመል ነው። ልጁ በሌሊት የማይነዳው ካንጋሩና ግመል መንገድ ላይ ስለሚቆሙ መሆኑን ተናገረ። ግመሎቹ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለጭነት መጥተው፣ መኪና ሲመጣ የተለቀቁ የነዚያ ዘሮች ናቸው፤ ዛሬ በዱር ነው የሚኖሩት። እስከዚያ ድረስ አንዲት ቃል ያልተነፈሰው ደላላ ስኒውን አስቀመጠ።

«ባለቤት የላቸውም ነው የምትለው?»

«የላቸውም።»

«ማንም?»

«ማንም።»

ተነሥቶ ወጣ። በመስኮቱ ስናየው ስልክ እየደወለ ነበር።

ልጁ ጉዞ ከጀመረ በኋላ ኮሚቴው በቋሚነት ይሰበሰብ ጀመር። ከኮክልቢዲ ፎቶ ላከ፤ ሰፊ ሰማይ፣ ቀይ አፈር፣ አንድ ማደያ። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ታክሲ ነጂው ምስሉን በሁለት ጣቱ እያሰፋ ዳር ዳሩን ፈተሸ። አንድ መኪና የለም። አንድ ባጃጅ የለም። ድንጋይ አስቀምጦ ተራ የያዘ ሰው እንኳ የለም።

«ደውሉለት» አሉ ጋሼ ወዲያው። «አትቁም፣ እለፍ በሉት። ሰልፍ የለም ማለት ነዳጅ የለም ማለት ነው።»

ተደወለ። ልጁ ሞልቶ ጨርሷል፤ መስታወቱን እየወለወለ ነበር። እትዬ እልል አሉ። ጋሼ ግን ስልኩን ተቀበሏቸውና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ማንም እንዳይሰማ ወደ ግድግዳው ዞረው ጠየቁት።

«የቀጂውን ስልክ ቁጥር ተቀብለኸዋል?»