ውዳሴ ከፍታ

ባለፈው ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ከፈረንጅ አራዳ ወደ አጂፕ በባጃጅ ስሄድ ከኋላችን የመጣ መብራት የሹፌሩን ማጅራት፣ የእኔን ጆሮና የባጃጇን የፊት መስታወት በአንድ ጊዜ አጥለቀለቀው። ዞር ብዬ ሳይ በሰማይና በምድር መካከል የተንጠለጠለ ሃይሉክስ ነበር። መኪና ከፍ ሲደረግ መብራቱም አብሮት ከፍ እንደሚል፣ ስለዚህም ወደ ታች መስተካከል እንዳለበት ለባለቤቱ የነገረው ሰው የለም፤ ቢኖርም እዚያ ድረስ ድምፅ አይሰማም። በዚህ ነገር ያልተማረረ የጅማ ሰው እንደሌለ አውቃለሁ፤ ሆኖም እስካሁን ያማነው ይበቃል ብዬ ለእነዚህ ከፍ ላሉ ወገኖቻችን የሚገባቸውን ምስጋና ለማቅረብ ተነስቻለሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ የዕቃ አመራረጣቸው ይደነቃል። ተራ ሰው ሞላ ወይም ባሌስትራ (መኪናውን የሚሸከመው ተደራራቢ ብረት) ሲገዛ መኪናው ባዶውን ይሄዳል ወይስ ቡና ይጭናል፣ ከፊት የተገጠመለት የመከላከያ ብረት ምን ያህል ይከብዳል፣ የሞላውን መወዛወዝ የሚያበርደው ሾክ አብዞርበርስ ከአዲሱ ሞላ ርዝመት ጋር ይስማማል ወይ እያለ ይጨነቃል። የእኛ ጀግና ግን ያለው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም «ቀዩ አለ ወይ?» የሚል ነው። ቀዩ ከሌለ ቢጫውን ይወስዳል፤ ከመንገዱ ማዶ ሆኖ ማኪያቶ ለሚጠጣ ሰው የማይታይ ሾክ ምን ይረባል? ኪሱ ያልፈቀደለት ደግሞ ከሞላው በላይ ክብ የብረት ታኮ ያስገባል፤ ወይም የባሌስትራውን ማንጠልጠያ ያስረዝማል። ማንጠልጠያው በ10 ሴንቲ ሜትር ሲረዝም መኪናው የሚነሳው በግማሹ፣ ማለትም በ5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ የቸኮለው ሰው ሃያውን በአንድ ጊዜ ያስበይደዋል።

ይህ ሁሉ ከፍታ ከምን እንደሚያድን ሲታሰብ አድናቆታችን ይጨምራል። ሙሉ አክስል ባለው፣ ማለትም የግራና የቀኝ ጎማውን አንድ ወጥ ብረት በሚያገናኘው መኪና ወደ መሬት በጣም የሚቀርበው ዲፈረንሻሉ፣ ማለትም የሞተሩን ኃይል ለሁለቱ ጎማዎች የሚያከፋፍለው ዕቃ ነው፤ እሱም አክስሉ ላይ ስለተቀመጠ ሻንሲው (የመኪናው አጽም) ቢነሳም አብሮት አይነሳም። ትልቅ ጎማ ካልተገጠመለት በቀር ፋብሪካው ባስቀመጠው ቦታ ሆኖ ድንጋዩን ይጠብቃል። ስለዚህ ወደ ገጠር በሚወስደው ጥርጊያ ላይ ድንጋዩ ዲፈረንሻሉን እንደ ድሮው ይመታዋል፤ ልዩነቱ ባለቤቱ አደጋውን አሁን ከበለጠ ከፍታ ላይ ሆኖ መመልከቱ ነው። ከሊሙ ቡና የሚያወርዱት አሮጌ ላንድክሩዘሮች በተፈጠሩበት ቁመት ጭቃውን እየሰነጠቁ መውጣታቸውን እንደ ምቀኝነት ልንቆጥረው ይገባል።

ስማቸውን መጥራት የማያስፈልግ፣ በየሰፈሩ አንዳንድ የማይጠፉ ሰው አሉ። እኚህ ሰው መኪናቸውን ከፍ ካስደረጉ በኋላ አማታቸው መሳፈር አቃታቸው። ሌላ ሰው ቢሆን የእግር መርገጫውን ዝቅ ያስደርግ ነበር፤ እሳቸው ግን የመኪናው ግርማ እንዳይቀንስ ሲሉ በርጩማ ገዙ። ጅማ በበርጩማ አትታማምና ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ፣ ባለ ሦስት እግር፣ እጅግ ያማረ ነበር። ጋቢና ውስጥ ስላልገባ ኋላ ተጫነ፤ ኋላ ሲንከባለል ቀለም ስለላጠ በገመድ ታሰረ፤ ገመዱን የሚፈታ ስላስፈለገ የእህታቸው ልጅ ተመደበ። ልጁም ከኋላ ለመውረድ ራሱ በርጩማ እንደሚያስፈልገው ታወቀና ሁለተኛ ተገዛ። ክረምት ሲገባ የበርጩማዎቹ እግር ጭቃ ውስጥ እየሰጠመ ስላስቸገረ ሳንቃ ተጨመረ። አሁን ይህ ቤተሰብ ከሰጦ ሰመሮ ተነስቶ ለቅሶ ሲደርስ ሁለት በርጩማ፣ አንድ ሳንቃ፣ አንድ ገመድና አንድ ወጣት ይዞ ነው፤ አማትየው ወርደው እስኪያበቁ ድንኳኑ በሙሉ ፀጥ ይላል፤ ሐዘንተኛው ራሱ ብድግ ብሎ ይደግፋቸዋል። ባለፈው አንድ ለቀስተኛ አንደኛውን በርጩማ የድንኳኑ መስሎት ስለተቀመጠበት፣ ተነስ ለማለትም ነውር ስለሆነ፣ አማትየው እስከ ማታ ቆዩ። የእኔ ፍርድ ግን በአማትየው ይጨክናል፤ እኚህ ሴት ለዘመናዊነት ጉልበታቸውን ማርዘም ነበረባቸው።

ለሞላ፣ ለቀይ ሾክና ለበርጩማ ይህን ያህል ያወጣ ሰው ለመሪው ዕቃ ምን ይተርፈዋል? የፊት ጎማውን የሚያዞሩት መገጣጠሚያና ዘንግ፣ ቦል ጆይንቱና ታይሮዱ፣ ከጎማው ኋላ ተደብቀው ስለሚኖሩ ማንም አያደንቃቸውም። ስለዚህ አሮጌው ይታጠባል፣ ግራሶ ይቀባል፣ ተመልሶ ይገጠማል።

እዚህ ላይ ማሽሟጠጡን ልተወው። መኪና ከፍ ሲል የመሪው ዘንጎች አንግል ይለወጣል፤ ጎማው ጉድጓድ በነካ ቁጥር ሹፌሩ ሳያዝዘው ወደ ጎን ይጎትታል። ባለ ሙሉ አክስሉ ላይ ደግሞ የፊት አክስሉ ዘንበል ስለሚል መሪው ከጠመዘዙት በኋላ በራሱ መመለስ ያቅተዋል። ይህ የሚስተካከለው በተገቢው ቡሽ (የመገጣጠሚያ ጎማ) እና በሚስተካከል ዘንግ ነው እንጂ የመሪውን ንዝረት በሚደብቅ ተጨማሪ ሾክ አይደለም። ጎማው ከፋብሪካው በ10 በመቶ ሲተልቅ ቆጣሪው 80 እያለ መኪናው 88 ይሄዳል። የፍሬን ዘይት የሚያልፍበት የላስቲክ ቱቦም ካልረዘመ ይወጠራል። እናንተ የተሰነጠቀ የመሪ ዘንግ በይዳችሁ «ከአዲስ ይበልጣል» የምትሉ ሰዎች፣ ብየዳችሁ የጊቤ ቁልቁለት ላይ ሲለቅ ከፊት የሚመጣው ዶልፊን ሚኒባስ ውስጥ ያሉት ሰዎች ምን በድለዋችኋል? እናንተስ ከኮፈናችሁ ስር ያለውን የትምህርት ቤት ልጅ ማየት የማትችሉ፣ ከፍታውን ማን ለመናችሁ?

ይቅርታ፤ ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። የእነዚህ ሰዎች ትልቁ ትሕትና የሚገለጠው መኪናው በሚሸጥበት ቀን ነው። ጫካ ለመሰንጠቅ፣ ወንዝ ለመሻገር፣ ተራራ ለመውጣት ተብሎ ይህ ሁሉ ገንዘብ የፈሰሰበት መኪና ገበያ ሲወጣ ደላላው ደረቱን ነፍቶ «ከከተማ ወጥቶ የማያውቅ፣ አስፋልት ብቻ የረገጠ ነው» ብሎ ያስተዋውቀዋል። ስለ መኪናው እስከዚያ ቀን ከተነገረው ሁሉ እውነቱ ይህ ብቻ ስለሆነ፣ ገዢው በዋጋው ባይከራከር ጥሩ ነው።