ሰዓቷ የት ሄደች?

ኤድዋርድ ከርቲስ (1868–1952 እ.ኤ.አ.) የሲያትል ፎቶ አንሺ ነበር። ከ80 በላይ የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦችን ዞሮ አነሳ። ሥራውን ከ1907 እስከ 1930 በ20 ቅጽ አሳተመ። እውነት ነው ወይስ ቲያትር? እነሆ ከሳሿና ጠበቃው።

ከሳሽ፦ ከአንዲት ሰዓት ልጀምር። በ1910 ከርቲስ ፒጋን ከሚባለው ነባር ሕዝብ ሁለት ሰዎችን፣ አባትና ልጅን፣ ድንኳናቸው ውስጥ አነሳ። በመሃላቸው ሰዓት ነበረች። በታተመው ፎቶ ላይ ግን የለችም፤ አጥፍቷታል። ለምን? እንደዚህ ዓይነት ሰው ሰዓት ሊኖረው አይገባማ! የገዛ ንብረታቸውን ከፊታቸው አነሳባቸው። በ1904ም የናቫሆ ፈረሰኞች ጀርባቸውን ሰጥተው ወደ ጨለማ ሲገቡ አነሳና «የሚጠፋው ዘር» አለው። ናቫሆዎች ዛሬ ከ300 ሺህ በላይ ናቸው። የታለ መጥፋቱ?

ጠበቃ፦ እህቴ፣ የሰዓቷን ነገር አልክድም። ግን ለምጣዱ ሲባል አይጧ ትለፍ። 40 ሺህ ያህል ፎቶ ነው ያነሳው። ከ10 ሺህ በላይ ዘፈንና ንግግር በዘመኑ ድምፅ መቅጃ፣ በሰም ሲሊንደር፣ ቀድቷል። ያኔ መንግሥት ሃይማኖታዊ ጭፈራቸውን ከልክሏል፤ ልጆቻቸውን በገዛ ቋንቋቸው እንዳይናገሩ አዳሪ ትምህርት ቤት ያስገባል። ባለባንኩ ጄ. ፒ. ሞርጋን ከ1906 ጀምሮ በዓመት 15 ሺህ ዶላር ቢሰጠውም፣ ከርቲስ ለራሱ ደመወዝ አልነበረውም። ትዳሩ ፈረሰ፤ ስቱዲዮው ለሚስቱ ተፈረደ። ደግሞስ የእኛ ሰው ፎቶ ቤት ሲሄድ ኮት ተውሶ አልነበር እንዴ? ውሸት ነው ብለሽ ከአልበሙ ልታወጪው ነው?

ከሳሽ፦ ወንድሜ፣ ምሳሌህ ራስህን ጣለህ። ኮቱን የተዋሰው ባለፎቶው ራሱ ነው፤ እንዴት መታየት እንዳለበት የወሰነው እሱ ነው። ለፒጋኖቹ የወሰነላቸው ግን ከርቲስ ነው። አዳሪ ትምህርት ቤቱንም አንተው አነሳኸው። ከፎቶዎቹ ውስጥ ስንቱ ላይ አየኸው? ሃያውም ቅጽ በአንድ ላይ በሺዎች በሚቆጠር ዶላር ነበር የሚሸጠው። ያን የሚከፍል ሀብታም ላባና ፈረስ እንጂ የተላጨ የተማሪ ራስ ማየት አይፈልግም።

ጠበቃ፦ ስለ ኮቱ ረታሽኝ፣ እሺ። ግን ሰዎቹን አሻንጉሊት አታድርጊያቸው። የሲያትል ከተማ በስሙ የተጠራችለት የነባሮቹ አለቃ ሲያትል ልጅ፣ ልዕልት አንጀሊን፣ አሮጊት ሆና ከባሕሩ ዳር የሚበላ ዛጎል እየቆፈረች ትኖር ነበር። ከርቲስ ለአንድ ፎቶ አንድ ዶላር ይከፍላት ነበር። እሱ እንደጻፈው፣ ዛጎል ከመቆፈር ፎቶ መነሳቱ እንደሚሻላት በእጇ ምልክት ነግራዋለች። አስባ ነው የተነሳችው። ለመሆኑ አንቺስ ሰዓቷን በምን አወቅሽ? ያልተነካው ምስል በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ስለተቀመጠ አይደለም?

ከሳሽ፦ «እሱ እንደጻፈው» አልክ። እኔም የምለው እሱኑ ነው።