ዋልሱን የሚመራው ማን ነው?

በሐዋሳ የሠርግ አዳራሾች የሙሽሮች ዋልስ ከኬክ ቆረሳው ባልተናነሰ የማይቀር ሥርዓት ከሆነ ሰንብቷል። ጥር ሲገባ፣ ደግሞም ከፋሲካ ማግሥት ጀምሮ፣ የዳንስ አሠልጣኞች ፋታ ያጣሉ፤ ለልምምዱ የሚተርፈው ሰዓት ግን ከጥሪ ካርድ እደላው፣ ከሱፍ ልኬቱና «ከማን ወገን ስንት ሰው ይጠራ» ከሚለው ክርክር የተራረፈው ብቻ በመሆኑ፣ ሙሽሮች ወደ መድረኩ የሚወጡት የመጀመሪያውን ዙር አጥንተው፣ ሁለተኛውን ለፈጣሪ ሰጥተው ነው።

ዳንሱ ግን እንዲህ የሚደፈር አይደለም። በዓለም አቀፍ ውድድር ዐሥር የጥንድ ዳንሶች በሁለት ወገን ተከፍለው ይዳኛሉ፤ በአንዱ ወገን ዋልስ፣ ታንጎ፣ የቪየና ዋልስ፣ ፎክስትሮትና ኩዊክስቴፕ፣ በሌላው «ላቲን» በሚል የወል ስም ሳምባ፣ ቻ ቻ ቻ፣ ሩምባ፣ ፓሶ ዶብሌና ጃይቭ ይገኛሉ። (ፓሶ ዶብሌ የአውሮፓ፣ ጃይቭ ደግሞ የዩናይትድ ስቴትስ ተወላጅ በመሆናቸው፣ እስከ ሰባት ቤት ዘር የሚቆጥሩት የእኛ ሽማግሌዎች ዳኛ ቢሆኑ ኖሮ ሁለቱም ገና በመጀመሪያው ቤት ይያዙ ነበር።) ለሠርግ የተመረጠው ዋልስ በውድድር ላይ በደቂቃ ከ28 እስከ 30 ጊዜ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» የሚባልበት ሲሆን፣ አያያዙም ሕግ አለው፤ የወንዱ ቀኝ እጅ በሴቷ ግራ የትከሻ አጥንት ላይ ያርፋል፣ ግራ እጁ ቀኝ እጇን ይይዛል፣ ሁለቱም አንዳቸው በሌላው ቀኝ ትከሻ በኩል አሻግረው ይመለከታሉ።

ሕጉ ያላሰበው አክስቶችን ነው። እጁ በደንቡ ቦታ ሲያርፍ አንዷ አክስት «ምነው፣ የሚገፋት መሰለ!» ትላለች፤ ሚዜው ዝቅ እንዲያደርገው በዓይኑ ይጠቅሳል፤ የሙሽሪት አባት ደግሞ ዓይናቸውን ከዚያች እጅ ላይ አይነቅሉም። አሻግሮ ማየቱማ «ገና ከአሁኑ ተኳርፈዋል» የሚል ሐሜት ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ያዞራል። በዚህ ሁሉ መካከል ሙሽራው፣ ከሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ዓሣ ሲጠብቅ እንደሚውል አባ ኮዳ የተባለ አሞራ፣ በጥቁር ካፖርቱ ደረቱን ነፍቶ ቀጥ ብሏል።

ከባዱ ጉዳይ ዘፈኑ ነው። ጥንዶቹ የመረጡት የፍቅር ዘፈን አብዛኛውን ጊዜ ባለ አራት ምት ነው፤ እግራቸው ግን የተማረው ሦስት መቁጠር ነው። ስለዚህ አብረው ቢጀምሩም፣ ሙሽራው ለሁለተኛ ጊዜ «አንድ» ሲል ዘፈኑ አራተኛው ምት ላይ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ሲል ሦስተኛው ላይ፣ ለአራተኛ ጊዜ ሲል ሁለተኛው ላይ ይሆናል፤ ዐሥራ ሁለት ምት ከተቆጠረ በኋላ ለቅጽበት ይገናኙና እንደገና ይለያያሉ። ስድስት ስምንተኛ የሆነው፣ ማለትም ምቱ ሦስት በሦስት የሚከፈለው ችክችካ ለሦስት ቆጠራ የተሻለ ይመች ነበር፤ ነገር ግን ችክችካ በተሰማበት አዳራሽ ዋልስ እንዲቀጥል የሚፈቅድ ትከሻ እስካሁን አላየሁም።

ጥንዶች የአዳራሹን ዙሪያ ይዘው ከሰዓት አቆጣጠር በተቃራኒ እንዲዞሩ የሚያዘውም ደንብ እኛ ዘንድ ሲደርስ ይታጠፋል፤ ዙሪያውን ጠረጴዛ፣ የለስላሳ ሣጥንና የቡፌ ሰልፍ ይዞታልና። ወደ ቀኝ የሚዞረው ናቹራል ተርን ስድስት እርምጃ አለው፤ ወደ ግራ የሚዞረው ሪቨርስ ተርን በቀኙ ዙር የተጠመጠመውን ቬሎ ይፈታ ነበር፤ ነገር ግን ጊዜ ስለጠፋ አልተለማመዱትም፤ ስለዚህ የቬሎው ጅራት ሁለቱንም እየጠቀለለ ይሄዳል፣ ሚዜዋም ጅራቱን ለማዳን ከኋላ ስትሮጥ የጥንዱ ዳንስ የሦስት ሰው ይሆናል።

ላቲኑ ለሚዜዎች ይተዋል። ኩባዊው ኤንሪኬ ሆሪን በ1950ዎቹ መጀመሪያ ያስተዋወቀውን ቻ ቻ ቻ ከስልክ ላይ አጥንተው፣ ኒውዮርክ የሚባለውን፣ ጥንዶች ጎን ለጎን ሆነው ወደ አንድ አቅጣጫ የሚዞሩበትን ቅርጽ ሲያሳዩ ግማሾቹ ወደ ሐይቁ፣ ግማሾቹ ወደ ታቦር ተራራ ይዞራሉ። በአንዳንድ የወንጌላውያን ቤተሰቦች ሠርግ ደግሞ ዋልሱ በመዝሙር ዜማ ታጅቦ ሲታለፍ፣ ሩምባ በወገቡ ምክንያት ከደጅ ይመለሳል።

መጻሕፍቱ ወንዱ ይመራል፣ ሴቷ ትከተላለች ይላሉ። በእኛ አዳራሽ ግን ሁለቱም ተከታዮች ናቸው፤ የሚመራው ቪዲዮ ቀራጩ ነው። «ሙሽራው፣ ፈገግ! ሙሽሪት፣ አገጭሽን ቀና! አሁን አዙራት!» እያለ ያዛል። ፍርዴን ልስጥ ከተባልሁ፣ ከሁሉ የተሻለው ዳንሰኛም እሱ ነው፤ ጉልበቱን ሰበር አድርጎ፣ ማንንም ሳይገጭ፣ ደንቡ በሚያዘው አቅጣጫ ሙሽሮቹን ይዞራቸዋል። ዘፈኑ ሊያበቃ ሲል «መብራቱ አላማረኝም፣ ከመጀመሪያው እንድገመው» ይላል። ሙሽራው ላቡን ጠርጎ ከ«አንድ» ይጀምራል፤ ዲጄው ግን ዘፈኑን የለቀቀው ከመሃል ነው።