ግድግዳውን አትርፎ መንገዱን ማፍረስ

አንድ አሮጌ ሕንፃ ሊፈርስ ነው ሲባል ክርክሩ በየትም ከተማ ያው ነው። አንዱ ወገን «ቅርስ ነው፣ እንዳይነካ» ይላል። ሌላው «ድንጋይ እኮ ነው፤ ከተማ ማደግ አለበት» ይላል። ከዚያ አስታራቂ ሐሳብ ይመጣል። የፊት ለፊቱ ግድግዳ ይቆይ፣ ከኋላ ያለው ይፈረስና ፎቅ ይሠራበት። ሁሉም ተስማምቶ ይበተናል። በየአገሩ ትልልቅ ከተሞች ውስጥ እንዲህ ግንባራቸው ብቻ የተረፈ ሕንፃዎች ሞልተዋል።

እኔ ይህ ዕርቅ አይዋጥልኝም። የሰው ትዝታ ግድግዳው ላይ እንደተለጠፈ አድርጎ ስለሚያስብ ነው። ትዝታ ያለው ግን በአካሄድ ውስጥ ነው። በየት እንደሚገባ፣ ደረጃው የት ላይ እንደሚታጠፍ፣ መስኮቱ ወዴት እንደሚያይ፣ ከበሩ ወጥቶ ወደ ቀኝ ሲታጠፉ ማን ቤት እንደሚደረስ። ይህን አፍርሶ ግድግዳውን ማቆየት ለፎቶ ይጠቅም ይሆናል። እዚያ ለኖረ ሰው ግን ብዙም አይጠቅም።

የጥንት ሰዎች ይህን በደንብ ያውቁ ነበር። ሮማዊው ሲሴሮ ስለ ግሪካዊው ገጣሚ ሲሞኒደስ የጻፈው ታሪክ አለ። ሲሞኒደስ ግብዣ ላይ ሳለ «ውጭ የሚፈልጉህ ሰዎች አሉ» ተብሎ ይጠራል። ገና ከመውጣቱ ጣሪያው ይደረመስና ውስጥ የነበሩትን ሁሉ ይገድላል። አስከሬኖቹ ክፉኛ ስለተጎዱ የገዛ ዘመዶቻቸው እንኳ መለየት አቃታቸው። ሲሞኒደስ ግን ማን የት ተቀምጦ እንደነበር ያስታውሳል። በዚያ እየተመራ አንድ በአንድ ለየላቸው ይባላል።

ታሪኩ እውነት ይሁን ተረት አልከራከርም። ከሱ ጋር ተያይዞ የሚጠቀሰው ዘዴ ግን እስከ ዛሬ ይሠራል። የማስታወስ ውድድር ላይ የሚቀርቡ ሰዎች ረጅም የቁጥር ዝርዝር የሚይዙት በሐሳባቸው የሚያውቁት ቤት ውስጥ እየተዘዋወሩ ነው። አንዱን ቁጥር በሩ ላይ፣ ሌላውን ደረጃው ላይ፣ ሌላውን አልጋው ሥር እያስቀመጡ ያልፋሉ። ደግሞ ልብ በሉ፤ በሲሞኒደስ ታሪክ ውስጥ ቤቱ ፈርሷል። የተረፈው አቀማመጡ ነው።

ሳይንሱም ወደዚሁ ያደላል። በ1971 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ጆን ኦኪፍ በአይጥ አንጎል ውስጥ፣ ሂፖካምፐስ በሚባለው ክፍል፣ እንስሳዋ አንድ የተወሰነ ቦታ ስትደርስ የሚነቁ ሴሎችን አገኘ። በ2005 ሜይ-ብሪት ሞሰርና ኤድቫርድ ሞሰር እዚያው ጎረቤት ባለው ክፍል ቦታን እንደ መረብ የሚከፋፍሉ ሌሎች ሴሎች ማግኘታቸውን አሳወቁ። ሦስቱም በ2014 የሕክምናውን የኖቤል ሽልማት ተጋሩ። ለእኛ ወሬ የሚጠቅመው ይሄ ነው፦ ይኸው ሂፖካምፐስ ክፉኛ ሲጎዳ ሰው መንገድ ከመሳት አልፎ የዛሬን ውሎ ለነገ መያዝ ያቅተዋል። «የት ነው?» እና «ምን ሆነ?» አንጎል ውስጥ ደባል ናቸው። ጎደንና ባድሊ የተባሉ ተመራማሪዎችም በ1975 ጠላቂ ዋናተኞችን ግማሹን ቃል ውኃ ውስጥ፣ ግማሹን የብስ ላይ አስጠኗቸው። ውኃ ውስጥ የተጠናው ይበልጥ የታወሰው እዚያው ውኃ ውስጥ ነው። የብስ ላይ የተጠናውም እንዲሁ።

እንግዲህ ሰው ያደገበት ቤት ሲገባ ለዓመታት ያላሰበው ነገር ድንገት የሚመጣበት ለምን እንደሆነ አሁን ግልጽ ነው። ሰፈሩ ሲፈርስ የሚጠፋውም ቤት ብቻ አይደለም። ትዝታውን የሚቀሰቅሰው ነገር አብሮ ይሄዳል።

የፖላንድን ዋና ከተማ ዋርሶን እንይ። በ1944 ከተማዋ በናዚ ጦር ላይ ካመፀች በኋላ ጀርመኖች አውቀው፣ ሕንፃ በሕንፃ እየለዩ አወደሟት። ከአሮጌው ከተማ ከ85 በመቶ በላይ ወደመ። ነዋሪዎቹ ግን መልሰው ሠሩት። የተመሩበት አንደኛው ነገር የ18ኛው ክፍለ ዘመን ሠዓሊ ቤርናርዶ ቤሎቶ የሣላቸው የከተማዋ ሥዕሎች ናቸው። ሌላው ከጦርነቱ በፊት የኪነ ሕንፃ ተማሪዎች ቤቶቹን እየለኩ የሠሯቸው ንድፎች ናቸው። የትምህርት ቤት ሥራ ከተማ አዳነ ማለት ነው። የገበያው አደባባይ በ1953 ተመልሶ ተከፈተ። በ1980 ዩኔስኮ፣ ድንጋዩ አዲስ መሆኑን እያወቀ፣ በዓለም ቅርስነት መዘገበው።

«ይሄስ ግንባር ብቻ አይደለም ወይ? የቤቶቹ ውስጥ አዲስ አይደለም ወይ?» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው፣ ውስጡ አዲስ ነው። ልዩነቱ መንገዶቹ መመለሳቸው ላይ ነው። አደባባዩ በቦታው ተመለሰ። ቤቶቹ መኖሪያ ሆኑ። ያ ሁሉ የሆነው ደግሞ የድሮውን ከተማ በእግራቸው የሚያውቁ ሰዎች በሕይወት እያሉ ነው።

በርሊን ላይ ግን ነገሩ ተገላበጠ። በጦርነቱ የተጎዳውን የንጉሣውያኑን ቤተ መንግሥት የምሥራቅ ጀርመን መንግሥት በ1950 በፈንጂ አፈረሰው። በቦታው የሪፐብሊኩ ቤተ መንግሥት የተባለውን ሕንፃ ሠርቶ በ1976 ከፈተ። ፓርላማ ነበረበት። ግን ምግብ ቤት፣ ቦውሊንግ መጫወቻና ትልቅ የኮንሰርት አዳራሽም ነበረው። ብዙ የምሥራቅ ጀርመን ሰው የጨፈረው፣ የተቀጣጠረው እዚያ ነው። በ1990 አስቤስቶስ የሚባል ለጤና ጎጂ የግንባታ ዕቃ አለበት ተብሎ ተዘጋ፣ ከ2006 እስከ 2008 ፈረሰ። አሁን እዚያ ያለው ሁምቦልት ፎረም የተባለ ሙዚየም በሦስት ጎኑ የንጉሡን ዘመን ግንባር ለብሷል። አራተኛው ጎኑና ውስጡ ዘመናዊ ነው።

እዚህ ላይ ነው እኔ የምናደደው። የድሮውን ቤተ መንግሥት የሚያስታውሰው በዕድሜ የገፋ ሰው ብቻ ነበር። የፈረሰውን የሚያስታውሰው ግን እልፍ ነው። ሕያው ትዝታ ተነሥቶ የጥንት ምስል ተተከለ። አስቤስቶሱ እውነት ነው፤ ጸድቶ ነበርም። ከዚያ በኋላ የተወሰነው የማን ትዝታ ይቆማል የሚለው ነው። ደግሞ እንዲህ ያለውን ነገር ብዙ ጊዜ የሚወስነው እዚያ የጨፈረው ሰው አይደለም።

ድንጋይን ማምለክ ብቸኛው መንገድ እንዳልሆነ ለማየት ጃፓን መሄድ ነው። የኢሴ መቅደስ በየ20 ዓመቱ አጠገቡ ባለው ባዶ ቦታ ላይ እንደገና ይሠራል፣ አሮጌው ይፈርሳል። ልማዱ የተጀመረው በ7ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በእርስ በርስ ጦርነት ዘመን ተቋርጦ ቢያውቅም ቀጥሏል፣ በ2013 ለ62ኛ ጊዜ ተሠራ። እንጨቱ የትናንት ነው። ሽማግሌው አናጢ ለወጣቱ የሚያስተላልፈው የአሠራር ዕውቀት ግን የጥንት ነው። ትዝታው ያለው በእጅ ውስጥ ነው ማለት ይቻላል።

ግን ሁሉም ቦታ ይታደስ፣ ሁሉም ይመለስ ማለቴ አይደለም። ሂሮሺማ ውስጥ ከአቶሚክ ቦምቡ የተረፈው የሕንፃ ጉልላት ይቆይ ወይስ ይፍረስ የሚል ክርክር ለዓመታት ነበር። ከተረፉት ሰዎች መካከል እንዲፈርስ የፈለጉ ነበሩ። ባዩት ቁጥር ያ ቀን ይመጣባቸው ነበር። እነሱን ማን ይፈርድባቸዋል? ቦታ ትዝታን ሲቀሰቅስ ደስታና ሰቀቀን አይመርጥም። የከተማው ምክር ቤት በ1966 እንዲጠበቅ ወሰነ። እኔ ውሳኔው ትክክል ነበር ባይ ነኝ፤ ክርክሩም ግን ያስፈልግ ነበር።

ደግሞ ጣሪያው የሚያፈስ፣ ሽንት ቤት የሌለው ቤት ውስጥ የሚኖርን ሰው «ትዝታ ነውና አይነካም» ማለት ግፍ ነው። የሌላውን ናፍቆት እሱ ለምን በብርድ ይክፈል? ቤቱ ይፍረስ፣ የተሻለ ይሠራለት።

የምጠይቀው ሌላ ነው። ከመፍረሱ በፊት ይለካ፣ ይሣል፣ እንደ ዋርሶ ተማሪዎች። ነዋሪው በየት ይወጣ በየት ይገባ እንደነበር ይጠየቅ። አዲሱ ፕላን ሲወጣ መሬቱ እንደ ባዶ ወረቀት አይታይ። የድሮው መንገድ መስመር፣ መተላለፊያው፣ ሰው የሚገናኝባት ክፍት ቦታ እዚያው ይቆዩ። የፈረሰበት ሰው ደግሞ ሌላ ዳርቻ ከሚጣል እዚያው የመመለስ መብት ይኑረው፤ አካሄዱን የሚያውቀው እሱ ነውና። ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላ ገንዘብ ከተረፈ፣ የፊት ለፊቱን ግድግዳ በብረት ደግፈው ቢያቆሙት አልቃወምም።